አሥር ከአሥር የተሰጠው ጭቃ

ጭቃ አሽትታችሁ ታውቃላችሁ? ዝናብ ሲመታው ሽታው ደስ ስለሚለው አፈር አይደለም የምጠይቃችሁ። ከሐይቅ ሥር የወጣ፣ ጥቁር፣ እንደ ገንፎ የሚንቀጠቀጥ፣ በፌስታል ታስሮ ቁጥር የተጻፈበት ጭቃ ማለቴ ነው። ካላሸተታችሁ እሰየው፤ ተቀመጡና ላጫውታችሁ። እኔ ለአንድ ወር ያህል ከሱ ሌላ ያሸተትኩት ነገር አልነበረም። ባለቤቴማ ከሥራ ስገባ ሰላም የምትለኝ ከጓዳ ሆና ነበር።

ነገሩ የጀመረው በሥልጠና ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ጣጣ ሁሉ በሥልጠና ይጀምርና በሪፖርት ያልቃል። እኔ ሐይቅ ከተማ፣ የውሃ ጉዳይ በሚመለከተው መሥሪያ ቤት ባለሙያ ነኝ። የመሥሪያ ቤቱን ስም በትክክል እንዳልነግራችሁ፣ ለውጡ ከመጣ ወዲህ ሦስት ጊዜ ተቀይሯል። ሰሌዳው ተቀየረ፣ ማኅተሙ ተቀየረ፣ የግድግዳው ቀለም ተቀየረ። ያልተቀየረ ነገር ቢኖር የኃላፊያችን ወንበር ነው፤ እሱም አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ ኃላፊያችን በለውጡ ዘመን ሁሉ ወደ ግራ አጋድለው ነው የከረሙት።

ታዲያ አንድ ቀን ኃላፊያችን ጠሩኝና፣ «የአምስት ቀን ሥልጠና መጥቷል፤ ሂድ» አሉኝ። ርዕሱን ሳየው «የተበከለ የባሕር ወለል ጭቃን በፈዚ ሎጂክ ካርታ ላይ ማስፈር» ይላል።

«ጌታዬ፣ እኛ እኮ ባሕር የለንም» አልኳቸው።

«ሐይቁን ባሕር አይደል እንዴ የምንለው? ‹ባሕር ወረድኩ› አይደል የምትለው? ሂድ!» አሉኝ። ሄድኩ።

መቼም አሠልጣኙ ጎበዝ ነበር። የአንድ ትልቅ ወደብ ጭቃ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ሆኖ ሲያሳየን አፌን ከፍቼ ነው ያየሁት። ነገሩ ሲገባኝ እንዲህ ነው፤ ጭቃ ወይ ንጹሕ ወይ ቆሻሻ ነው ብሎ መቁረጥ ድሮ ቀረ። ጭቃ ትንሽ ንጹሕ፣ ትንሽ ቆሻሻ ሊሆን ይችላል። ዜሮ ከሆነ ጭራሽ የማይነካ ነው፤ አንድ ከሆነ የጠራ ነው፤ በመሃሉ ደግሞ ዜሮ ነጥብ ሦስት አለ፣ ዜሮ ነጥብ ሰባት አለ። ደረጃውን የሚሰጠው ቤተ ሙከራ ነው። ቤተ ሙከራ ከሌለ ግን ቦታውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ቢገምትም ይሆናል አለን። እኔም ይቺን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ከስሯ ሁለቴ አሰመርኩባት። መዘዙ ሁሉ የመጣው ከዚያች መስመር ነው።

ተመልሼ ለኃላፊያችን ሳስረዳ፣ «በአማርኛ ምን ይባላል?» አሉኝ።

«ደብዛዛ አመክንዮ።»

«ደብዛዛ የሚለውን ሪፖርት ላይ እንዳትጽፍ! በዚህ ጊዜ ደብዛዛ ነገር አይወደድም።»

እውነታቸውን ነው። ጊዜው ጦርነት ነበር። ሁሉም ሰው ቁርጥ ያለ ነገር ነው የሚጠይቅህ። ከወደ ሰሜን ሰው ከነልጁ ከነከብቱ እየሸሸ ይመጣል፤ ሐይቁ ዳር ያለው ትምህርት ቤት በተፈናቃይ ሞልቷል። ውሃ የለም። ሕፃናቱ ከሐይቁ እንደ ልብ እየቀዱ ጠጥተው ተቅማጥ ጀምሯቸዋል። አንድ የእርዳታ ድርጅት ፓምፕና መሐንዲስ ላከ። መሐንዲሱ ከሩቅ አገር የመጣ፣ አማርኛ የለመደ፣ ፈገግታ ግን የማያውቅ ሰው ነው። «ዳሩ ጥልቀት የለውም» አለ። «ፓምፑ ሲስብ ጭቃውን ይቀሰቅሰዋል። ክሎሪን ጀርም ይገድላል እንጂ ጭቃው ውስጥ ያለውን ሌላ ነገር አያጠፋም። ስለዚህ ጭቃው ንጹሕ የሆነበትን አንድ ቦታ አሳዩኝ። አንድ ቦታ ብቻ! ሐሙስ እተክላለሁ።»

ኃላፊያችን ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ሠልጥኛለሁና ደረቴን ነፋሁ።

ከዓሣ አስጋሪዎች ጋር በታንኳ ዞሬ ከአሥራ ሁለት ቦታ ጭቃ አወጣሁ፤ በፌስታል ቋጥሬ፣ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ቁጥር ጽፌ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ጭኜ በሚኒባስ ወደ ደሴ ላቦራቶሪ ተነሣሁ። ኬላው ላይ ሚኒባሱ ቆመ። ክላሽ ያነገተ ሚሊሻ ገባና ከረጢቱን በእግሩ ነካ አደረገው።

«ይሄ ምንድነው?»

«ጭቃ።»

ከፈተው። አየው። «ጭቃ መሆኑንማ አየሁ። ምንድነው?»

«ጭቃ ነው ወንድሜ።»

«ጭቃ ቁጥር አለው?»

ለማስረዳት ሞከርኩ። ዜሮ አልኩ፣ አንድ አልኩ፣ በመሃል አልኩ። ሚሊሻው ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ «አሁን አንተ ከእኛ ነህ ወይስ ከእነሱ?» አለኝ። እዚህ ላይ ፈዚ ሎጂክ እንደማያዋጣ ለመረዳት ሌላ ሥልጠና አላስፈለገኝም። «ከእናንተ! ሙሉ በሙሉ ከእናንተ!» አልኩ። በሰላም መለሰኝ። ጭቃውን ግን «ደሴ የራሷ ጭቃ አላት» ብሎ አብሮኝ መለሰው።

እንግዲህ ማክሰኞ ነው። ላቦራቶሪ የለም። ሁለቴ ያሰመርኩባት ዓረፍተ ነገር ትዝ አለችኝ፤ «ቦታውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው።» ሐይቁን ከሁሉም በላይ የሚያውቁት ደግሞ ሦስት ናቸው። አንደኛው አያ ይማም፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ሲያሰግሩ ያረጁ፣ ረጋ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ሁለተኛው አያ አራጋው፣ ክርስቲያን ናቸው፤ ግን ሲደነግጡ ከአፋቸው ቀድሞ የሚወጣው «ያ ረቢ!» ነው። ሦስተኛው ሙሄ፣ ከሁለቱ በዕድሜ የሚያንስ፣ ሁለቱ የተናገሩትን ሁሉ «ሐቅ ነው» እያለ የሚያጸድቅ ጎልማሳ ነው።

ሦስቱን አያ ይማም ታንኳቸውን ከሚያስሩበት ዳር ሰበሰብኳቸው። አሥር አሥር ፍሬ የባቄላ ቆሎ ሰጠኋቸው። «ጭቃውን ታሸታላችሁ፤ ከአሥር ስንት ንጹሕ እንደሆነ በባቄላ ታሳዩኛላችሁ» አልኩ። የመጀመሪያውን ፌስታል አዙረው አሸተቱ፤ ተመካከሩ፤ ሲመካከሩ ዳታውን በሉት። ባቄላውን በጠጠር ቀየርኩና እንደገና ጀመርን።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሐይቃችን ዳር እያንዳንዱ አስጋሪ ታንኳ የሚያስርበት የየራሱ ቦታ አለው። ወረቀት የለውም፤ ሰው ሁሉ ግን ያውቀዋል። እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ በስም ፋንታ ቁጥር ጽፌአለሁ። ሰዎቹ ግን ፌስታሉ ገና ሳይፈታ፣ «ይቺማ የሙሄ ናት፤ አሸዋዋ ይናገራል» ይላሉ።

«እሺ፣ የሙሄ ጭቃ ስንት ነው?»

«አሥር!» አሉ አያ ይማም።

«አሥር ሲያንሳት ነው!» አሉ አያ አራጋው።

ሙሄ በድንጋጤ ብድግ አለ። «ኧረ በጀሊሉ! የእኔ ጭቃ አሥር? ዜሮ ናት! ሽታዋ እኔን ራሴን ያባርረኛል!»

«ተው እንጂ ሙሄ፣ ዘጠኝ እንበል።»

«ወላሂ ከአንድ አልበልጥም!»

የውጫሌ ገበያ ላይ ሻጭ ሲያስወድድ፣ ገዢ ሲያረክስ ነው የማውቀው። ይሄ የተገለበጠ ገበያ ነው። ባለቤቱ ያረክሳል፣ ጎረቤቱ ያስወድዳል። በመጨረሻ አያ ይማም ሸመገሉ፤ «እኩል ይሁን፤ አምስት» ተባለ፤ ተመራርቀው ተቀመጡ። የአያ አራጋው ቦታም እንዲሁ ተከራክረውበት አምስት ሆነ። የአያ ይማም ቦታ ሲደርስ ጠቡ ባሰ። እሳቸው «ዜሮ ካልተባለ ተነሥቼ እሄዳለሁ» አሉ፤ ሌሎቹ እግራቸው ላይ ወድቀው በስንት ልመና አምስት አደረጓቸው።

ባለቤቱ የሌለበት ቦታ ሲመጣ ተስፋ አደረግሁ። ምን ዋጋ አለው! «በሌለበት ሰውን ማማት ነውር ነው» ብለው አሥር ሰጡ። ይሄኔ ሙሄ፣ «እሱ እዚህ ቢኖር እሺ አይልም፤ የሱን ይሉኝታ እኔ ልያዝለት» ብሎ በሌለው ሰው ፈንታ ተሟገተ። አምስት!

አንድ ፌስታል ብቻ ከዚህ አመለጠ። ቁጥር ሰባት። ሐይቁ ዳር ካለው የሾላ ዛፍ ሥር የወጣው። እሱ ታንኳ አይታሰርበትም። በየቅዳሜው እኔ የመሥሪያ ቤቱን ሞተር ሳይክል የማጥብበት ቦታ ነው። አንዳንዴም ዘይት እቀይርበታለሁ። ሽማግሌዎቹ ሲያልፉ «አበጀህ፣ በርታ!» ይሉኛል፤ እኔም «እግዜር ይስጥልኝ» እላለሁ። ፌስታሉን ፈቱት። አሸተቱት። ሦስቱም ለአፍታ ሰማይ ሰማይ አዩ።

«አሥር» አሉ አያ ይማም።

«አሥር» አሉ አያ አራጋው።

«ሐቅ ነው» አለ ሙሄ።

ሦስቱም ወደ እኔ ዞረው ጠበቁ። አሁን ሳስበው፣ «ኧረ ዜሮ ነው» እንድል ነበር የሚጠብቁት። እኔ የአምባሰል ልጅ፣ ይሉኝታን ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁት፣ ምን ብል ጥሩ ነው? «አመሰግናለሁ» አልኩ። አልኩና አሥር ብዬ መዘገብኩ! አያችሁ፣ ለሙሄ የተሰጠው አሥር ይሉኝታ መሆኑ ወዲያው ገብቶኛል። ለእኔ የተሰጠው አሥር ግን እውነት መሰለኝ።

ማታውን ኮምፒውተሩ ላይ ካርታውን ሠራሁት። ሐይቁ ዙሪያውን ቢጫ ሆኖ፣ በአንድ ጥግ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ፍክት ብላ ወጣች። ቁጥር ሰባት። ትንሽ ግር አለኝ፤ ሞተሩ ትዝ ብሎኛል። ግን ሰው ራሱን ሲያታልል ማስረጃ አያጣም፤ «ያን ሁሉ ዓመት ያን ሁሉ የዱቄት ሳሙና ስደፋበት አጽድቼው ይሆናላ!» አልኩ። ኃላፊያችንም ካርታውን አይተው፣ «አንድ አረንጓዴ! ቁርጥ ያለ! ይሄ ነው ሥራ!» አሉና ማኅተም አሳረፉበት።

ሐሙስ ፓምፑ ሾላው ሥር ተተከለ። ተፈናቃዩ ቢጫ ጀሪካኑን ይዞ ተሰለፈ። የፓምፑ ሞተር ተንኳኳ፤ ውሃው መጀመሪያ ጥቁር፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ቀጥሎ ጠራ የሚል መስሎ መጣ። ላዩ ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ነገር ይጫወታል። እኔ የፀሐይ ነጸብራቅ ነው አልኩ። ሰማዩ ደመና ነበር።

አያ ይማም ዱዓ እንዲያደርጉ ተጠየቁ። እጃቸውን ዘረጉ። ለሰላም ዱዓ አደረጉ፤ አሚን። ለተፈናቃዩ፣ አሚን። ለዝናቡ፣ ለከብቱ፣ ለዓሣው፣ አሚን። ዓረብ አገር ላሉ ልጆቻችን ሁሉ፣ አሚን። መሐንዲሱ ሰዓቱን ያያል፤ ኃላፊያችን ሲጨንቃቸው እንደሚያደርጉት በአፍንጫቸው አምባሰልን ያዜማሉ። አያ ይማም ግን አይጨርሱም። ለንቦች ዱዓ ሲጀምሩ አያ አራጋው ቀልጠፍ ብለው «አሜን!» አሉና ተቀበሏቸው፤ እሳቸውም በተራቸው ስለ ቅዱሳኑ ሁሉ ስም እየጠሩ ይመርቁ ጀመር።

መቼም ማለቁ አልቀረም። የመጀመሪያው ጣሳ ተቀዳና ከተፈናቃዮቹ በዕድሜ ለሚበልጡት ለእማማ የሺ ተዘረጋ። እማማ የሺ ከወደ ቆቦ ሸጌ የምትባል አህያቸውን እየነዱ፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ጭነውባት በእግራቸው የመጡ ሴት ናቸው። አያ ይማም ከመሃል ገቡና ጣሳውን ቀሙ። «የቤቱ ሰው ይቅደም» አሉ። ጠጡ። ጉሮሯቸው ሁለት ጊዜ ሲወጣና ሲወርድ አየሁ።

«እንዴት ነው አያ?» አልኩ በኩራት።

ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ኃይል ያለው ውሃ ነው።»

ሁለተኛው ጣሳ እማማ የሺ እጅ ገባ። አፋቸው ድረስ አመጡት፤ ቆም አሉ። እኔን አዩኝ፤ ፈገግ አሉ። «ሸጌ ትቅደም» አሉ። «ያን ሁሉ መንገድ ልጆቼን ተሸክማ ያመጣችኝ እሷ ናት።» ባልዲ ውስጥ ገልብጠው ከፓምፑ ውሃ ጨመሩበትና ለአህያዋ አቀረቡላት።

ሸጌ አፍንጫዋን ሰደደች። አሸተተች። ጆሮዋን ወደ ኋላ ጣለች፤ «ፍርርር!» ብላ ባልዲውን በአፍንጫዋ ገፋችውና ዞራ ቂጧን ሰጠችን።

ኃላፊያችን ነገሩን ለማዳን ብለው፣ «ለአህያ ማር አይጥማት!» አሉ። ማንም አልሳቀም።

መሐንዲሱ ባልዲውን አንሥቶ አሸተተና ወደ እማማ የሺ ዞረ። «እናት፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ይሄ ውሃ ምን ይመስልዎታል?»

እማማ የሺ ተጨነቁ። መሬት መሬት አዩ። «ጥሩ ነው ልጄ፤ ምን ይወጣለታል» አሉ። «ለመጠጥ አልልም እንጂ... ለኩራዝ ይሆናል።»

ይሄኔ ያልሳቀ የለም። የእማማ የሺ የልጅ ልጆች ሳይቀሩ ባዶ ጀሪካናቸውን እንደ ከበሮ እየመቱ ሳቁ። እኔም አብሬ ልስቅ ስል የአንደኛዋን ሕፃን ከንፈር አየሁት፤ በጥማት ተሰነጣጥቋል። ሳቄን ተውኩት።

አያ ይማምን ገለል አድርጌ፣ «ያውቁ ነበር?» አልኳቸው።

«እናውቃለን እንጂ።»

«ታዲያ አሥር ለምን አላችሁኝ?»

«አይ ልጄ! የሰው ልጅ ፊቱ ላይ ‹ቦታህ ይገማል› ይባላል?»

«ልጆቹ ጠጥተው ቢታመሙስ?»

ፂማቸውን ደባበሱ። «ዱዓዬ ለምን የረዘመ መሰለህ?» አሉኝ ቀስ ብለው። «አንተ ራስህ ታስተውላለህ ብዬ ነው። አላስተውል ስትል ጊዜ፣ ምናልባት ቶሎ ብታመም ይተዉታል ብዬ ጠጣሁት።»

አፈርኩ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። እኚህ ሰው እኔን ከማሳፈር የሞተር ዘይት መጠጣት መረጡ። እኔ ደግሞ አፍንጫ እያለኝ፣ ሞተሩን ያጠብኩት እኔው ራሴ ሆኜ፣ ሙገሳ ስለጣመኝ ብቻ ልጆቹን ልመርዛቸው ነበር። ድንጋይ ላይ ወጣሁና፣ «ወገኖቼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «እዚህ ሞተር የማጥበው እኔ ነኝ! ዘይት የምደፋው እኔ ነኝ! ይሄ ቦታ ዜሮ ነው!»

ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ኧረ ምንም አይደል! ሰው ሆኖ የማይሳሳት የለም! አምስት ይሁን!»

«ዜሮ ነው!» አልኩ።

«አቦ አምስት ይሁን፣ አትጨነቅ!»

መሐንዲሱ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። ፓምፑን ነቅሎ እንደገና ለመትከል ጊዜው ለአንድ ቦታ ብቻ እንደሚበቃው፣ በማግሥቱ ሌላ መጠለያ እንደሚጠብቀው ተናገረ። «አሁን ማንን ልመን?» አለ። በዚህ መሃል እማማ የሺ፣ «ሸጌ! ሸጌ!» እያሉ ሲሮጡ አየን። አህያዋ ገመዷን አስለቅቃ ዳር ዳሩን ይዛ ትሄዳለች። ተጠምታለች እኮ! የሙሄ ቦታ ደረሰች፤ አሸተተች፤ አለፈች። የአያ አራጋው ቦታ ላይ አንድ ጊዜ ቀመሰችና ትታው ሄደች። መሐንዲሱ ተነሣ። እኔ ተከተልኩ። ኃላፊያችን ተከተሉ። ሕዝቡ ጀሪካኑን እያንኳኳ ተከተለ። መንግሥትና እርዳታ ድርጅት በአንድ ላይ በአህያ ሲመሩ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሸጌ አያ ይማም ታንኳ የሚያስሩበት ዳር ስትደርስ እግሯን ውሃው ውስጥ አስገባች፤ አንገቷን ደፋች፤ ጠጣች። ጠጣች። ቀና ብላ አየችንና ደግማ ጠጣች።

«ኧረ ተዉ!» አሉ አያ ይማም፤ እጃቸውን እያወናጨፉ። «ይቺ ጭቃ እኮ ዜሮ ናት!»

የሰማቸው የለም። መሐንዲሱ ውሃውንም ጭቃውንም አሸተተ፣ ማኅተማችንን አምኖ ሳያወጣት የቆየችውን መሣሪያ አውጥቶ ለካ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱን አየነው። ፓምፑ እዚያ ተተከለ። አያ ይማም የኖሩበት ቦታ ስለተያዘባቸው ታንኳቸውን ፈትተው ሌላ ዳር ወሰዱ። «ታንኳ የትም ይታሰራል» አሉ። ያቺ ከንፈሯ የተሰነጠቀው ሕፃን ክሎሪን ከገባበት የመጀመሪያ ጀሪካን ስትጠጣ ቆሜ አየሁ፤ ሆዷ እስኪነፋ ጠጣች።

ከዚያ ወዲህ ሞተሬን ከሐይቁ ርቄ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ጓሮ በባልዲ ነው የማጥበው። ካርታውንም እንደ አዲስ ሠራሁት፤ የዚህኛው ባለሙያ ሸጌ ነበረች። ዳሩን ሁሉ ከእማማ የሺ ጋር እያዞርን አስቀመስናት፤ ጠጥታ ስትደግም አረንጓዴ፣ ቀምሳ ስትተው ቢጫ፣ ቂጧን ስትሰጠን ቀይ። ኃላፊያችን ሪፖርቱ ላይ «አህያ» የሚለው ቃል ለመንግሥት አይመጥንም ብለው «የአካባቢው ልምድ ያላት አካል» አሉት።

ኋላ የሰሜኑ መንገድ ሲከፈት እማማ የሺ ወደ አገራቸው ተነሡ። እሰየው ነው፤ ደስ ብሎኝ ዕቃቸውን አብሬ ጫንኩ። ሸጌ ግን መንገድ ስትጀምር እንባዬ መጣ። ባለቤቴ «ለአህያ ታለቅሳለህ?» ብላ ተቆጣችኝ። ምን ላድርግ? ለሷ እንዴት ብዬ ላስረዳት! በዚህ ሁሉ አገር ፊት ለፊት እውነቱን የምትነግረኝ ነፍስ ያቺ ብቻ ነበረች። ከአሁን በኋላ ስሳሳት ማን ይነግረኛል?

አያ ይማም አጠገቤ ቆመው ነበር። እንባዬን አዩና ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«አይዞህ ልጄ፣ ምን ያሳስብሃል?» አሉኝ። «የአንተ ሥራ እኮ አሥር ከአሥር ነው!»